ቀና በይ ከማለታችን በፊት፦ ስለ ወገብና አቀማመጥ ደሴ ላይ ያነሳሁት ክር

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ከጠዋት እስከ ማታ መኪናዬ ላይ ነኝ። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ቁመቷ ተመዘዘና አሁን በግማሽ ጭንቅላት ትበልጠኛለች። ከቁመቷ ጋር መጉበጥም መጣ። ቀና በይ እላታለሁ። አያቷም ትላታለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይላታል። አንድ ማታ ልጅቷ ምንም ሳትመልስልኝ የደንበኞቼን መስታወት ወደ እኔ አዞረችው። አየሁት። አንገቴ መርፌው ላይ ተደፍቷል። ትከሻዎቼ ወደ ጆሮዬ ወጥተዋል። ጀርባዬ እንደ ማጭድ ቆልምሟል።

በዚያው ሌሊት የኢንተርኔት መድረካችን ላይ ጻፍኩ። ጥያቄዬ ሦስት ነበር። ደህና አቋም የሚባለው ምንድን ነው? ቀና ብሎ መቀመጥ ብቻውን ከወገብ ሕመም ያድናል ወይ? ልጄንስ ምን ላድርጋት? በአምስት ቀን 46 መልስ መጣ። ክሩ፣ ማለትም የጥያቄውና የመልሶቹ ተርታ፣ ሲረዝም ብዙ ሰው መልሶቹን ሰብስቢልን አለኝ። ይኸው፣ በራሴ አንደበት።

ከ1 እስከ 4 ያሉት አብሽሪ የሚሉ ናቸው። የወሎ ሰው መጀመሪያ ያጽናናል፣ ምክሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። 3ኛው አባቱን አነሳ። አባቱ በየጠዋቱ ግድግዳ ያስደግፉት ነበር። ተረከዝ፣ መቀመጫ፣ ትከሻና የጭንቅላት ኋላ አራቱም ግድግዳውን እስኪነኩ ድረስ ያቆሙታል። ዛሬ 50 ዓመት አልፎት ወገቡን አሞት እንደማያውቅ ጻፈ። 4ኛው ደግሞ እሱም እዚያው ግድግዳ ላይ ማደጉን፣ ወገቡ ግን ገና በ30 ዓመቱ እንደያዘው ነገረን። ወንድማማቾች መሆናቸውን ያወቅነው ቆይተን ነው።

5ኛው ፊዚዮቴራፒስት፣ በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ ነው። ክሩን መልክ ያስያዘው እሱ ነው። ሲጽፍ አይቸኩልም። አከርካሪያችን ስንወለድ 33 አጥንት እንዳለው፣ ካደግን በኋላ የታችኞቹ ዘጠኝ ያህሉ እንደሚጣበቁ፣ የሚንቀሳቀሱት 24 መሆናቸውን አስረዳ፦ 7 አንገት ላይ፣ 12 ጀርባ ላይ፣ 5 ወገብ ላይ። ከጎን ለሚያየው አከርካሪ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ አይደለም። አንገት ላይ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጀርባ ላይ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ወገብ ላይ እንደገና ይገባል። ይህ ኩርባ እንደ መኪና ባሌስትራ ክብደት ያረግባል። ስለዚህ ቀና ማለት እንደ ወታደር መገተር አይደለም። ኩርባዎቹን ሳያጠፉ፣ ጆሮን ከትከሻ በላይ፣ ትከሻን ከዳሌ በላይ አድርጎ ዘና ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የጨመረውን ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምንም ያህል ያማረ አቀማመጥ ቢሆን ለሰዓታት ከተያዘ ሰውነት ይጠላዋል። ከአቀማመጡ ይልቅ ቶሎ ቶሎ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ያህል ተነስቶ መቀያየሩ ይበልጣል።

6ኛው ስልክ ሲያዩ አንገት ላይ 27 ኪሎ ይጫናል የሚባለው እውነት መሆኑን ጠየቀ። ፊዚዮቴራፒስቱ በ8ኛው መለሰለት። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንገት 60 ዲግሪ ሲደፋ 27 ኪሎ ያህል ኃይል ያርፍበታል የተባለው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ስሌት ነው። በሞዴል የተሰላ እንጂ በሕያው ሰው አንገት ላይ የተለካ አይደለም። አንገት ይሰበራል ማለትም አይደለም። ግን ስልኩን ወደ ዓይን ከፍ ማድረግ ምንም አያስከፍልም።

7ኛዋን መልስ የጻፈችው አስተማሪ ናት። ዓይኔን እንባ ሞላው። ቁመታቸው ቀድሞ የወጣ ሴት ልጆችን በየዓመቱ ክፍሏ ውስጥ ታያለች። ጡታቸው ሲያጎጠጉጥ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ይጎብጣሉ። ከወንዶቹ በልጠው ላለመታየትም ያጥራሉ። ቀና በይ ሲባሉ የሚሰማቸው ሰው እያያቸው መሆኑ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የባሰውን ይጎብጣሉ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ልጄን እየመከርኩ መስሎኝ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቱ ከአስተማሪዋ ጋር ተስማማ፣ አንድ ነገር ግን እንዳጣራ አሳሰበኝ። ልጆች በሚመዘዙበት ዕድሜ አከርካሪ ወደ ጎን ሊጣመም ይችላል። ልጅቷ ጀርባዋን ገልጣ፣ እግሮቿን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ ወደ ፊት ትጎንበስ። እኔ ከኋላ ሆኜ ልይ። አንዱ የጎድን ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ሐኪም ማየት አለበት። ማታ መጋረጃ ዘግተን ሞከርነው። እጆቿ ወደ እግሯ ጣቶች ወረዱ። መብራቱን ከጎን ያዝኩላት። የአከርካሪዋ አጥንቶች አንድ በአንድ ታዩኝ፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ቀና ስትል ምንም አላልኳትም፣ አቀፍኳት።

በማግስቱ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ጎረቤት ሱቅ ወስጄ በሚዛን አስመዘንኩት። 8 ኪሎ! ልጅቷ 46 ኪሎ ናት። የልጅ ቦርሳ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል የሚለውን አስተማሪዋ ጽፋልኝ ነበር። ለልጄ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ማለት ነው። ውስጡን ስናየው ያለፈው መንፈቅ ደብተሮች እንዳሉ ተቀምጠዋል።

9ኛው የዶልፊን ሹፌር ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ይመላለሳል። ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ከቀኝ መቀመጫው ጀምሮ እስከ ባቱ የሚወርድ ማቃጠል ሁለት ዓመት አሰቃይቶታል። መርፌ ተወጋ፣ ታሸ። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ የኋላ ኪሱን አሳየው። ብርና ወረቀት የታጨቀ ወፍራም የገንዘብ ቦርሳ ላይ ነበር ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው። አንድ ዳሌው ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ ነርቩም ከሥር ይጨፈለቃል። ቦርሳውን ወደ ደረት ኪሱ አዛወረው። በወር ውስጥ ቀለለው። ከእሱ በኋላ አራት ሰው የየራሱን ኪስ እየፈተሸ መጣ።

10ኛዋ የነርስ ተማሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ናክምሰን የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም በሰዎች ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን እንደለካ፣ መቀመጥም ከመቆም 40 በመቶ ያህል የበለጠ ዲስክን እንደሚጫን የተማረችውን አካፈለች። ፊዚዮቴራፒስቱ አመሰገናትና አረማት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሌላ ልኬት አለ። የተለካው አንድ ፈቃደኛ ሰው ብቻ ነው። ግን በእሱ ላይ ዘና ብሎ መቀመጥ ከመቆም አልከበደም። ወንበር ላይ ወደ ኋላ ተንጋልሎ መቀመጥማ እንዲያውም ቀለለ። ስለዚህ መደገፍ ኃጢአት አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ጨዋ ነበር። 12ኛው አበላሸው። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ የሚጽፉትም በቁጣ ነው። ወገብ ሕመም የስንፍና በሽታ እንደሆነ፣ የዛሬ ወጣት ስልክ ላይ ተደፍቶ ከመዋል በቀር ሥራ እንደማያውቅ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ መንጠራራትም የሥራ ፈት ምክር እንደሆነ ጻፉ።

13ኛዋ ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ልብስ የምትሰፋ ወጣት ናት። ጋሼ ብላ ነው የጀመረችው፣ ግን እሳት ነበረች። መደገፊያ በሌለው ዱካ ላይ ሙሉ ፈረቃ ትቀመጣለች። ዱካው ከፍና ዝቅ አይልም። ረጅሟም አጭሯም የምትቀመጠው እኩል ከፍታ ላይ ነው። በሰዓት የምታስረክበው ቁጥር አለባት። እሷ ከተነሳች ከኋላዋ ያለው ሥራ ሁሉ ይቆማል። ስልኳ በር ላይ ተሰብስቦ ነው የሚውለው። ታዲያ የቱን ስልክ አይታ ነው አንገቷ የደረቀው? ለፊዚዮቴራፒስቱም አልራራችለትም። ያ የሚላት ግማሽ ሰዓት የማን እንደሆነ ጠየቀችው።

14ኛው የሽማግሌው መልስ ነበር፣ ክፉ ቃል ስላለበት አልደግመውም። 15 እና 16 በእሳቸው ላይ የተወረወሩ ስድቦች ናቸው፤ እነሱንም አልወደድኳቸውም። ሰው እንዲረጋጋ ለመንኩ። የልጅቷ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ የገዛ ሱቄ ባለቤት ነኝ፣ ስፈልግ እነሳለሁ። እሷ አትነሳም። ፊዚዮቴራፒስቱም እውነት እንዳላት ተቀበለ። ከዱካ ሳይነሱ የሚደረግ ትንሽ ነገር ጻፈላት፦ አገጭን ወደ ኋላ መሳብ፣ ትከሻን ማዞር፣ ክር ሲለወጥ ጀርባን ወደ ኋላ መለጠጥ። ይህ የዱካውን ጥፋት እንደማያቃና ግን አልሸሸገም።

17ኛው ክሩን አበረደው። ሶላት የሚሰግድ ሰው በቀን ግዴታ ብቻ 17 ረከዓ እንዳለበት አስታወሰን። በየረከዓው፣ ማለትም በየስግደቱ ዙር፣ አንድ ሩኩዕ (ማጎንበስ)፣ ሁለት ሱጁድ (በግንባር መደፋት) አለ። 34 ጊዜ ግንባር መሬት ይነካል ማለት ነው። ጉልበት ይታጠፋል፣ ወገብ ይለጠጣል፣ ሰውነት ይነሳል። 18ኛዋ የቤተ ክርስቲያኑን ስግደት አነሳች፣ ረጅሙን ቅዳሴ ቆመው የሚያስቀድሱ አረጋውያን መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላ እንዴት እንደሚያዛውሩ ነገረችን። 19ኛው ሁለቱንም በትሕትና አረማቸው። አምልኮ ለፈጣሪ እንጂ ለወገብ ተብሎ እንደማይደረግ፣ ወገቡ የታመመም ተቀምጦ መስገድ እንደተፈቀደለት አሳሰበ። ሁሉም ተቀበለው። ደሴ እንዲህ ስትሆን ደስ ትለኛለች።

21ኛው ዲስክ የተንሸራተተበት ሰው ሐኪም ቤት ከሚንከራተት ወጌሻ ዘንድ ሄዶ እንዲያስመልሰው መከረ። እሱንም አድነውታል። 22ኛው ይህን ምክር በጣም አደገኛ አለው፣ አነጋገሩም ሻካራ ነበር። በ23ኛው ፊዚዮቴራፒስቱ መሃል ገባ። ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር ጠብቆ የተያያዘ ነው። እንደ ሳህን አይንሸራተትም፣ በእጅም አይመለስም። ያብጣል ወይም ይሰነጠቅና ውስጡ ያለው ይወጣል። ድንገት የያዘ ወገብ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ወጌሻ ጋ የተሄደበት ሳምንት ከዚያ ጋር ሲገጥም ያዳነው ወጌሻው ይመስላል። እኔ ወጌሻን አልንቅም፣ የወለቀ ትከሻዬን ያስገቡልኝ እናት አሉኝ። ለደነዘዘ እግር ግን ወደ እሳቸው አልሄድም።

24ኛዋ ከክሩ ሁሉ አጭሯ ናት። የወንድሟ ጀርባ ለወራት ያመው ነበር። ማታ ማታ ያልበው ነበር፣ ከስቶም ነበር። አጎንብሶ ስለሚሠራ ነው ተባለና ሲያሹት ከረሙ። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ሲታወቅ ጀርባው ጎብጦ አልቋል። ዛሬ መድኃኒቱን ጨርሶ ድኗል፣ ጉብጠቱ ግን ቀርቷል። ፊዚዮቴራፒስቱ ከሥሯ ሆኖ አቀማመጥ በማስተካከል መቆየት የማይገባውን ዘረዘረ፦ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ያለበት ሕመም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የእግር ድካም። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም በጭን መሃል ከደነዘዘ ደግሞ ለነገ የማይባል ነው፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት። እባካችሁ ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ከ26 እስከ 32 ክሩ መንገዱን ሳተ። ስለ ፍራሽ ተጀመረ። አንዱ ለወገብ ጣውላ ላይ መተኛትን መከረ። የነርስ ተማሪዋ እ.ኤ.አ. በ2003 በስፔን የተሠራ ጥናት መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው የተሻለ ሆኖ እንዳገኘው ነገረችው። ከፍራሽ ወደ ስፖንጅ ዋጋ፣ ከዋጋ ወደ ውሃ ተገባ። የትኛው ሰፈር ውሃ መጣ፣ የትኛው ጋ ጠፋ፣ የጦሳ ተራራ ዝናብ እያለ ለምን ይጠፋል የሚል ጭቅጭቅ ሆነ።

ደግነቱ ውሃው ራሱ መለሰን። 33ኛውን የጻፉት እነዚያ የ12ኛው መልስ ሽማግሌ ናቸው። ይቅርታ አልጠየቁም። ባለቤታቸው ዳገቱን በጀርባቸው ውሃ ሲያመላልሱ ኖረው አሁን ከወንበር ለመነሳት እጅ እንደሚሹ ብቻ ጻፉና ምን ይደረግ ብለው ጠየቁ። ድምፃቸው ሌላ ሰው ነበር። የፋብሪካዋ ልጅ ናት ቀድማ የመለሰችላቸው፣ በ34። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በሁለት ባለ 10 ሊትር ተከፍሎ በግራና በቀኝ ቢያዝ አንዱ ወገን ብቻውን አይጎተትም። ሲነሳ ወደ ሆድ አስጠግቶ ነው። ራቅ አድርጎ ያነሱት ጭነት ወገብ ላይ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ለጋሼም አንድ ነገር ጨመረችላቸው፦ ከእንግዲህ እርስዎ ይቅዱ። እሺ አሉ። በቃ፣ አንዲት ቃል።

36ኛዋ የወገብ ቀበቶ ከሱቅ ትግዛ ወይስ የእናቷ መቀነት ይበቃታል ብላ ጠየቀች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ያወጣው መመሪያ ቀበቶና ማሰሪያን አዘውትሮ መጠቀምን አይመክርም። ይህንን ያመጣው ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ወገብ ሕመም እንደነበረበትም ይናገራል። መመሪያው የሚያተኩረው እንቅስቃሴ ላይና በሽተኛው ሕመሙን እንዲረዳው በማድረግ ላይ ነው። በመቀነት ላይ ክፉ ቃል አልተናገረም፣ ስትሠራ ደስ ካላት ታጥቃ ትሥራ፣ ግን መቀነቱ የጡንቻን ሥራ አይሠራላትም።

ከዚያ 38ኛው መጣ። አናጢ ነው። ስለ አጥንት የሚያውቀው እንደሌለ ገልጾ፣ ስለ ከፍታ ግን እንደሚያውቅ ጻፈ። እስካሁን ሁላችንም የተነጋገርነው ስለ ሰውየው ጀርባ ነው፣ ሰውየው ፊት ስለተቀመጠው ዕቃ ግን አልተነጋገርንም። የእናቱ ምጣድ መሬት ላይ ሦስት ጉልቻ ላይ ነበር። 30 እንጀራ ለመጋገር 30 ጊዜ ይደፋሉ፣ 30 ጊዜ ጭስ ይበላሉ። ቀና በይ ያላቸው ሰው ብዙ ነው፣ ምጣዱን ከፍ ያደረገላቸው ግን አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ብሎኬት ደርድሮ ምድጃውን እስከ ወገባቸው አነሳው። እናቱ ከዚያ ወዲህ ቆመው ይጋግራሉ።

እኔ ከ46ቱ አንዱን ብቻ አስቀምጪ ብባል የማስቀምጠው ይህንን ነው። ልጄን ለአንድ ዓመት የተቆጣሁት ከመኪናዬ ሳልነሳ ነው። የመኪናዬን ጠረጴዛ ግን አንድ ቀን ለክቼው አላውቅም።

ለካሁት። አናጢው እንዳሳየኝ ተቀመጥኩ፣ ክንዴን አጠፍኩ፣ ልጄ ከመሬት እስከ ክርኔ በሜትር ለካች። 66 ሴንቲ። ጠረጴዛው 68 ነው። ለጽሑፍ ይበቃል፣ ዓይን ለሚፈልግ ስፌት ግን ያንሳል፣ መርፌውን ለማየት አንገት ይደፋል። ከፊት እግሮቹ ሥር 6 ሴንቲ፣ ከኋላ እግሮቹ ሥር 9 ሴንቲ ጣውላ አስገባልኝ። ጣውላው ላይ እግሩ የሚቀመጥበት ጎድጓድ ቀርጾበታል፣ አይንሸራተትም። ጠረጴዛው ትንሽ ወደ እኔ አዘነበለ። ጨርቁ ወደ ፊቴ መጣ። መኪናዬ በሞተር ስለሆነች ፔዳሏ ለብቻው መሬት ላይ ነው፣ አልተነካም። የመጀመሪያውን ቀን እጄ ግራ ገባው። በሦስተኛው ቀን ኮሌታ ስሰፋ ቆይቼ መስታወቱን አየሁ። አንገቴ እንዳለ ነው። አሁን በየአንድ ቀሚስ እነሳለሁ፤ ካውያው ከመኪናው ርቆ እንዲቀመጥ ያደረግኩት ለዚሁ ነው።

ለልጄ ቀና በይ ማለቱን ትቻለሁ። አያቷንም አስቁሜያለሁ። የማጥኛ ጠረጴዛዋም ከፍ ብሏል።

ከ40 እስከ 44 ምስጋናና ሰላምታ ናቸው። 45ኛዋ ኮምቦልቻ የምትሰፋ ሌላ ሴት ናት። ሲንገር የስፌት መኪናዋ በእግር የምትረገጥ ናት። እሷም ጣውላ ታስገባ እንደሆነ ጠየቀች። 46ኛው አናጢው ነው፣ እንዳትነካው ነገራት። የእግር መኪና እግሩ ከፍ ሲል መርገጫውም አብሮ ከፍ ይላል፣ ጉልበቷ ጠረጴዛውን ይገጫል። የሷ የሚስተካከለው ከላይ ነው፣ የጠረጴዛው ፊት ብቻ ተነቅሎ፣ ቀበቶው ረዝሞ። ለዚያ ደግሞ መኪናዋን ማየት አለበት። እሁድ አስጭና ደሴ ልታመጣት ተቀጣጥረዋል። የሚሠራው እኔ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ቦታውን ከአሁኑ አጽድቼላቸዋለሁ።